የሞተሩ ካቴና የማን ወጪ ነው?

ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ባለው የቁም እንስሳት ንግድ ስለ መኪና ኪራይ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ጤና ወረቀትና ስለ ምንዛሬ ያልተባለ ነገር የለም። ቢባልም ተገቢ ነው፤ ትርፉን የሚበሉት እነሱ ናቸውና። ነገር ግን አይሱዙው በረት ጥግ ቆሞ ከመጫኑ በፊት ከብቱ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነና ምን ቁመና እንዳለው አይቶ የሚመጣ ሰው አለ። ይህ ሰው ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ ደግሞ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ጉልበቱን ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው በአንድ ካቴና ነው።

ካቴናው መንገድ ላይ ሲበጠስ የሚከስረው ሞተረኛው ብቻ አይደለም። ሆኖም በተለመደው አሠራር ነዳጁን ነጋዴው ይችላል፣ የቀን አበሉን ነጋዴው ይከፍላል፣ ካቴናው ግን «የሞተሩ ባለቤት ጣጣ» ተብሎ ለልጁ ይተዋል። ልጁም ያለውን ገንዘብ አይቶ ርካሹን ይገዛል፤ ወይም የተበላውን ካቴና አንድ ገበያ፣ ሁለት ገበያ እያለ ያስረጀዋል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ካቴናና ስፕሮኬት እንደ መኖ፣ እንደ እረኛ ደመወዝና እንደ መኪና ኪራይ ሁሉ የንግዱ ወጪ ሆነው በነጋዴው ደብተር መግባት አለባቸው። ምን ያህል ጥርስ ይገጠም የሚለውም ሱቅ ውስጥ በተገኘው ዕቃ ሳይሆን በመንገዱና በወቅቱ መወሰን አለበት።

ሞተሩ የሚውልበት ምድር

ገዳሪፍ የሱዳን የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው ሰፊው ሜዳ አፈሩ ጥቁር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ድንበሩን ተሻግሮ በመተማ ወረዳ፣ ከኮኪት እስከ ሽንፋ፣ የሚገኘውም አብዛኛው ያው ዋልካ ነው። ከገላባት በዶካ በኩል ገዳሪፍ የሚያደርሰው አስፋልት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። ከአስፋልቱ ሲወጣ ግን መንገድ የሚባለው የትራክተርና የከብት ዱካ ነው።

መንጋው ደግሞ አስፋልት ዳር አይቆይም። ክረምት ሲገባ ከጭቃውና ከዝንቡ ሸሽቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቡታና ሜዳ ይወጣል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ገለባውንና ውኃውን ተከትሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ራሃድ ወንዝ አቅጣጫ ይወርዳል። የላሃዊን ግመል ፈላጊም ሆነ የፈላታ ከብት ፈላጊ መንጋው ባለበት ሃፊር ድረስ መሄድ አለበት። እንዲህ ያለው ጉዞ አንድ ቀን አስፋልት፣ አንድ ቀን አቧራ፣ አንድ ቀን ጭቃ ነው። ከሞተረኛው ኋላ ደላላው ይቀመጣል፤ በጎን መድኃኒትና የውኃ ጀሪካን ይንጠለጠላል፤ ሲመለስ አንዳንዴ አንድ ፍየል ይታከላል። ይህ ሁሉ ጭነት በመጨረሻ የሚያርፈው ካቴናው ላይ ነው።

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን ጦርነት ውስጥ ናት። ኬላው ክፍት በሆነበት ቀን ያልተሻገረ ከብት መቼ እንደሚሻገር እርግጠኛ መሆን በማይቻልበት ጊዜ፣ አንድ ቀን ማጣት እንደ ድሮው አንድ ቀን ማጣት ብቻ አይደለም። የገበያውን ቀን ያሳለፈ ከብት በረት ውስጥ ቆሞ መኖ ይበላል፣ ሥጋውን ይጥላል፣ የጠባቂ ይከፈልበታል። የተነገረው ሰዓት ላይ ያልደረሰ ደላላም ሌላ ገዢ ይቀድመዋል። ይህ ሁሉ ኪሳራ ሲመጣ ማንም «ካቴናው ነው» ብሎ አይመዘግበውም፤ «ገበያው ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ጥርስ ሲቀየር ምን ይቀየራል?

ሁለት ስፕሮኬቶች አሉ። ትንሹ ከሞተሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ ፊት ለፊት ይታሰራል፤ ትልቁ ከኋላ ጎማ ጋር ይታሰራል። ሁለቱን የሚያገናኘው መተማ ላይ ካቴና፣ ገዳሪፍ ሱቅ ላይ ጀንዚር የሚባለው ሰንሰለት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የኋላው ጥርስ ለፊተኛው ይካፈላል። ለምሳሌ ፊት 14፣ ኋላ 42 ጥርስ ያለው ሞተር 3 ይሰጣል። የፊቱ ሦስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

በአካባቢው የተለመደው መላ ክረምት ሲመጣ የፊቱን በአንድ ጥርስ መቀነስ ነው። 14ቱ በ13 ሲተካ ሂሳቡ 3.23 ይሆናል። ሞተሩ በ8 በመቶ ገደማ የበለጠ ይጎትታል፤ በዳገትና በጭቃ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሳይንተፋተፍ ይወጣል። ዕቃው ርካሽ ነው፣ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ካቴናም አያስቀይርም። ስለዚህ ይወደዳል።

ዋጋው የሚከፈለው ግን በኋላ ነው። አንደኛ፣ በየማርሹ ፍጥነቱ በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ለተመሳሳይ መንገድም ሞተሩ 8 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ዙር ይዞራል። ከገላባት ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር በፋብሪካው ጥርስ 161 ኪሎ ሜትር የሄደ ያህል ይዞራል ማለት ነው። አሽከርካሪው እንደ ልማዱ በፍጥነት ልሂድ ሲል ሞተሩ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይጨምራል። ነዳጅ በጀሪካንና በወረፋ በሚገኝበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳት አይታይም። የፊቱ ስፕሮኬት ባነሰ ቁጥር ካቴናው በጠባብ ክብ ላይ ይታጠፋል፤ እያንዳንዱ ፒን የበለጠ ይፋተጋል። የሞተሩ ጉልበት በአነስተኛ ክብ ላይ ሲያርፍ ካቴናውን የሚወጥረው ኃይልም ከፍ ይላል። ስለዚህ የፊቱን መቀነስ ለሞተሩ የሚሰጠውን እፎይታ ከካቴናው ዕድሜ ቆርጦ ይወስዳል።

ያው ጉልበት በሌላ መንገድ ይገኛል። የፊቱን 14 ትቶ የኋላውን ከ42 ወደ 45 ማሳደግ 3.21 ይሰጣል፤ ከ13 በ42 ጋር ልዩነቱ አይሰማም። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ እንደ መጨመር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ጥቅሙ ካቴናው ፊት ለፊት በቀድሞው ክብ ላይ ይዞራል፣ በተጨማሪ ኃይልም አይወጠርም። ጉዳቱ የኋላው ስፕሮኬት ውድ መሆኑ፣ ጎማ ማውለቁና ካቴናውም ማጠሩ ነው። ሦስት ጥርስ ሲጨመር የአንድ ተኩል ማያያዣ ያህል ርዝመት ይፈለጋል፤ ካቴና ደግሞ በሁለት ሁለት ማያያዣ ስለሚቆጠር የኋላ ጎማው ወደፊት ካልተሳበ በቀር በሁለት ማያያዣ የሚረዝም አዲስ ካቴና ይገዛል። አሮጌው ላይ አዲስ ቁራጭ መቀጠል አይገባም፤ አዲሱና የተበላው በአንድ ስፕሮኬት ላይ እኩል አይቀመጡም።

ለማን የትኛው?

ሥራው በአብዛኛው ኬላውና ገዳሪፍ ገበያ መካከል፣ በአስፋልት ላይ የሆነ ሰው የፋብሪካውን ጥርስ መንካት የለበትም። ሞተሩን የሠራው ሰው ለዚህ ዓይነት መንገድ ያሰበውን አስቦ ጨርሷል። «ሁሉም ቀነሰ» ብሎ መቀነስ በየቀኑ ነዳጅ ማፍሰስ ነው።

ሥራው ከአስፋልት ውጭ፣ ሁለት ሰው ጭኖ፣ በእርሻው መካከልና በሃፊር ዙሪያ የሆነ ሞተር ዝቅ ያለ ጥርስ ይፈልጋል። ለእሱ የሚበጀው ከኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ መጨመር ነው፤ በልኩ ከተገዛ ካቴና ጋር። የፊቱን መቀነስ የሚያዋጣው ለአጭር ጊዜ፣ ወቅቱ እስኪያልፍ ብቻ ነው።

በሁለቱም የሚውል ሞተር፣ ይህ ደግሞ የአብዛኛው ደላላ ሞተር ነው፣ የተሻለው መላ ሁለት ስብስብ መያዝ ነው። አንዱ የክረምት፣ አንዱ የበጋ። እያንዳንዱ ስብስብ የራሱ ፊት፣ የራሱ ኋላና የራሱ ካቴና አለው። ሰኔ ሲገባ የክረምቱ ይታሰራል፤ ሰሊጡና ማሽላው ተሰብስቦ መሬቱ ሲደርቅ ይወልቃል፣ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አብረው ያረጁ ዕቃዎች አብረው ሲቀመጡ እርስ በርስ አይበላሉም። መጀመሪያ ላይ የሁለት ስብስብ ገንዘብ ይወጣል፤ ግን እያንዳንዱ የሚሠራው ግማሽ ዓመት ስለሆነ ሁለት እጥፍ ይቆያል። ወጪው አልጨመረም፣ ቀደም ብሎ ወጣ እንጂ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። ዝናብ በጣለ ማግስት ዋልካው ሲያብጥ ጭቃው በጭቃ መከላከያውና በጎማው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ያኔ የትኛውም ስፕሮኬት ሞተር አያወጣም። መሬቱ ቆዳ እስኪይዝ መጠበቅ ብቻ ነው መላው። ክላቹ የሚያንሸራትት ወይም ጉልበቱ ያለቀ ሞተርም በጥርስ አይድንም። ጥርስ የሞተሩን ጉልበት ያከፋፍላል እንጂ አይጨምርም።

አልፎ አልፎ የሚታየው ባለ አራት እግር ሞተርም ከዚህ ሂሳብ አይወጣም። ከእነሱ ውስጥ ካቴና የሌላቸው፣ በዘንግ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። በካቴና የሚሄዱት ግን ክብደታቸው ስለሚበልጥ ካቴናቸውን በፍጥነት ይጨርሳሉ፤ ብዙ ጊዜም ወፈር ያለውን ባለ 520 ቁጥር ካቴና ይጠቀማሉ።

ካቴና ብቻውን አይቀየርም

ትልቁ ስህተት የሚሠራው መቀየሪያው ቀን ላይ ነው። ካቴናው ይበጠሳል፣ አዲስ ካቴና ይገዛል፣ በአሮጌው ስፕሮኬት ላይ ይታሰራል። ጥርሱ ግን ከአሮጌው ካቴና ጋር አብሮ እንደ ማጭድ ጎብጧል። አዲሱ ካቴና በጎበጠው ጥርስ ላይ ስለማይቀመጥ በየዙሩ ይንሸራተታል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አሮጌውን ይመስላል። ከዚያ «የዘንድሮ ካቴና አይረባም» ይባላል። ካቴናው ምንም አላጠፋም። ደንቡ አንድ ነው፤ ካቴናና ሁለቱ ስፕሮኬቶች አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ።

መቼ ይቀየር የሚለውም በግምት የሚመለስ አይደለም። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት አብዛኞቹ ሞተሮች የሚጠቀሙት 428 ቁጥር ካቴና ነው። በዚህ ካቴና ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናውን ወጥሮ ከአንዱ ፒን ጀምሮ 20 ማያያዣ ሲለካ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 259 ሲደርስ ተበልቷል፤ መቀየር አለበት። ሜትር የሌለው ሰው በኋላው ስፕሮኬት መጨረሻ ላይ ካቴናውን በጣቱ ወደ ኋላ ይሳብ፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ጊዜው አልፏል። ይህ ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከብት ለማየት ከመነሳት በፊት የከብቱን ጥርስ የሚያይ ነጋዴ የሞተሩንም ጥርስ ማየት አያቅተውም።

ሲገዛ በካቴናው ጎን ላይ ቁጥሩ መመታቱ ይታይ። ከቁጥሩ ጋር «ኤች» የሚል ፊደል ያለው ወፍራም ጎን ያለውና ለጭነት የሚሻለው ነው። ስፕሮኬቱ ላይ ሞረድ በቀስታ ይሞከር፤ ጥርሱ በእሳት የጠነከረ ከሆነ ሞረዱ ያንሸራትታል፣ ለስላሳ ከሆነ ይነክሰዋል። ሞረድ የነከሰው ጥርስ አንድ ክረምት አይዘልቅም።

ሲታሰር ሦስት ነገር አይዘለል። ማያያዣው ቅንጥብ ያለው ከሆነ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ድንጋይ ወይም የደረቀ አገዳ መትቶ ያስወልቀዋል። የኋላ ጎማው በግራና በቀኝ ምልክቱ እኩል መሆን አለበት፤ ዘሞ የታሰረ ጎማ የስፕሮኬቱን አንድ ጎን ይበላል። ሦስተኛው ውጥረቱ ነው። በመሃል ሲነካ ካቴናው ከፍና ዝቅ ማለት ያለበት ልክ በሞተሩ መጽሐፍ ተጽፏል፤ በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ ሰው ካቴና ሲላላ ብቻ ይፈራል። ሁለት ሰውና ጀሪካን ሲጫንበት የኋላው ክፍል ይወርዳል፣ ካቴናው ይወጠራል፤ ባዶውን ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ካቴና ያኔ የፊቱን ዘንግና ኩሽኔታ ይጎዳል፣ አለዚያም ራሱ ይበጠሳል።

መበጠሱ የገበያ ቀን ማጣት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በፍጥነት ላይ የተበጠሰ ካቴና በፊቱ ስፕሮኬት ላይ ተጠቅልሎ የኋላ ጎማውን ሊቆልፍ፣ የሞተሩንም ቤት ሊሰብር ይችላል። ጎማው ከተቆለፈ ሁለት ሰው አስፋልት ላይ ነው የሚወድቀው፤ ከኋላቸው ደግሞ የጭነት መኪና ሊኖር ይችላል። የተበላ ካቴና አስጭኖ የሚልክ ሰው የሚያስይዘው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

አቧራ፣ ጭቃና የተቃጠለ ዘይት

በየጋራዡ የሚታየው ልማድ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ካቴና ላይ ማፍሰስ ነው። በገዳሪፍ አቧራ ይህ ማለት ካቴናውን በሞረድ ዱቄት መቀባት ነው። የተቃጠለ ዘይት ራሱ የብረት ፍቅፋቂ ይዟል፤ አቧራው ደግሞ ይለጠፍበታል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ፒኑን ይሞርዱታል። የሚበጀው ካቴናውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ባለ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ከውስጥ በኩል በጥቂቱ አንጠባጥቦ፣ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ነው። ካቴናው በፒኖቹ መካከል የጎማ ቀለበት ያለው ከሆነ ቤንዚን አይነካው፤ ቀለበቱን ያበላሸዋል። ጭቃ የነካ ሞተር ሳይታጠብ ካደረ ጭቃው ካቴናው ላይ ይጋገራል፤ ስለዚህ ማታውኑ ይታጠብ። በጸጥታ ክልከላ ወይም በኬላ መዘጋት ለሳምንታት የቆመ ሞተርም ዝገት ስለሚይዘው ከመነሳቱ በፊት ካቴናው ይታጠፍ እንደሆነ ይታይ።

ከዚህ በላይ የሚረዳው መሸፈኛው ነው። በኢትዮጵያ የግብርና ባለሙያዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የነዱት ያማሃ ኤጂ የሚባለው ሞተር ካቴናው ዙሪያውን በመሸፈኛ የተዘጋ ነው። «ኤጂ» የሚለው ፊደል ግብርናን ያመለክታል፤ ሞተሩም የተሠራው መንጋ ለሚከተሉ ገበሬዎች ታስቦ ነው። መንጋ የሚከተል ሞተር ካቴናው መሸፈን እንዳለበት የተረዱት ቀድመው ነው ማለት ነው። በዚህ አካባቢ ግን ብዙ ሞተረኛ «ጭቃ ይይዛል፣ ይንጫጫል» እያለ መሸፈኛውን ገና ሞተሩን ሲገዛ አውልቆ ይጥለዋል። ጭቃ መያዙ እውነት ነው፤ በክረምት በየጊዜው ተከፍቶ መጠረግ አለበት። ግን በዓመቱ አብዛኛው ወር ጠላቱ አቧራ ነው። ለጥቂት ወር ጭቃ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ካቴናን ለአቧራ ማጋለጥ ሂሳቡ አይወጣም።

ማን ይክፈል?

በዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ መሠረት የሌላቸውም አይደሉም። የመጀመሪያው «ሞተሩ የራሱ ነው፤ እኔ ከብት ነው የምነግደው፣ ሞተር አልጠግንም» የሚለው ነው። ሞተሩ የልጁ መሆኑ እውነት ነው። ጎማውም የእሱ ነው፣ መብራቱም የእሱ ነው። ካቴናው ግን የሚያልቀው በመንገዱ ልክ ነው፤ መንገዱን የሚመርጠው ደግሞ ነጋዴው ነው። በአስፋልት ላይ ተሳፋሪ ቢያመላልስ ረጅም ጊዜ የሚያገለግለውን ካቴና በሃፊር ጭቃ የጨረሰው የነጋዴው ትእዛዝ ነው። የሚያልቀው በነጋዴው ሥራ ከሆነ የሚተካውም ከነጋዴው ሥራ መሆን አለበት። ነዳጁን የሚከፍለው በዚሁ ምክንያት አይደል?

ሁለተኛው «ከከፈልኩት ገንዘቡን ይበላዋል፣ ካቴናውን አይገዛም» የሚለው ነው። ይህም ያጋጥማል። መፍትሔው ግን አለመክፈል አይደለም፤ በጥሬ ገንዘብ አለመክፈል ነው። ነጋዴው ስብስቡን ራሱ ይግዛ፣ በታወቀ ጋራዥ ያስገጥም፣ አሮጌውን ይረከብ። አሮጌው በእጁ ከገባ አዲሱ መታሰሩን አውቋል።

ሦስተኛው «ልጁ ለሦስት ነጋዴ ነው የሚሠራው፣ እኔ ለምን ብቻዬን?» የሚለው ነው። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከእንስሳ ንግድ የራቀ አይደለም። አንድ አይሱዙ ላይ የሦስት ሰው ከብት ሲጫን ኪራዩ በራስ ይከፈላል። የካቴናውም እንዲሁ ይሁን። የስብስቡ ዋጋ በዚያ ወቅት ሞተሩ አይቶ ላስገዛው ከብት ይካፈል፤ ለአንድ ሰንጋ የሚደርሰው ከአንድ ቀን መኖ ጋር ይተያይ። ይህን ስሌት በራሱ ደብተር የሠራ ነጋዴ ክርክሩን ይተዋል።

አራተኛው ደግሞ ከሞተረኞቹ በኩል ይመጣል። ነጋዴው ካቴና ገዛ ማለት ሞተሩ ላይ ባለመብት ነኝ ይላል፣ ሌላ ሥራ እንዳልሠራ ይከለክለኛል የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ስምምነቱ ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። የተገዛው ካቴና የተበላውን ካቴና መተኪያ ነው እንጂ የሞተር ድርሻ አይደለም። በሽማግሌ ፊት በአንድ መስመር መጻፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ከአረፋ በፊት

የዚህ ንግድ ትልቁ ቀን አረፋ ነው። በዓሉ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ወደፊት ይመጣል፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ላይ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ ዓመታት የገበያው ሩጫ የሚውለው በበጋው መጨረሻ፣ በአቧራው ጫፍ፣ የመጀመሪያው ዝናብም ሊጥል በሚችልበት ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ካቴናው የበጋውን ወራት ጨርሶ ደክሟል፤ ሥራው ግን ገና መብዛቱ ነው። መለካት ያለበት ከበዓሉ ሁለት ወር በፊት ነው። ሩጫው ሲጀምር ሁሉም ሱቅ ስለሚሄድ የሚገኘው የተረፈው ዕቃ ነው፤ የተረፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተፈለገው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነጋዴው ለብቻው የሚገዛውን አምስትና ስድስት ሆኖ ቢገዛ አንድ ዓይነት ካቴና፣ አንድ ዓይነት ስፕሮኬት፣ በተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ ዶካ ላይ የተበጠሰበት ሞተረኛም ከጓደኛው የሚበደረው ማያያዣ በልኩ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሞተረኛ መቀመጫ ሥር አንድ ትርፍ ማያያዣና አንድ ፒንሳ ይቀመጥ። በነጋዴው ደብተርም ከመኖው፣ ከእረኛውና ከኪራዩ በታች አንድ መስመር ይጨመር፤ ካቴናና ስፕሮኬት፣ የተገጠመበት ቀን፣ የጥርሱ ቁጥር፣ ያስገዛው ከብት ብዛት። አንድ ዓመት ይህን የጻፈ ሰው የትኛው ጥርስ ለየትኛው መንገድ እንደሚበጅ ከማንም መካኒክ በላይ ያውቃል፤ ካቴናው የማን ወጪ እንደሆነም ደብተሩ ይነግረዋል።